ልጅ «አይታየኝም» አይልም

አንድ ዓይኑ ደካማ ሆኖ ያደገ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማየት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አያማርርም። ኳስ ይጫወታል፣ ለአያቱ መርፌ ላይ ክር ያስገባል፤ ደህናው ዓይን የሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ጉዱ የሚወጣው ደህናው ዓይን የተሸፈነ ቀን ነው። አንዳንዱ አድጎ፣ ለመንጃ ፈቃድ ሲመረመር ይደርስበታል።

ሰነፍ ዓይን የሚባለው ይኸው ነው። ሲያዩት ምንም የሌለበት ሊመስል ይችላል። የአንዱ ዓይን የመነጽር ቁጥር ከሌላው በጣም ሲለይ፣ ዓይኑ ሲሸወርር ወይም ሞራ ሲጋርደው፣ አንጎል ከዚያ ዓይን የሚመጣለትን ምስል እየተወ ይሄዳል። ሕክምናው ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር በደንብ ይሠራል። ከዚያ በኋላም የሚሻሻሉ ልጆች አሉ፤ ግን ድካሙ ይበዛል፣ ውጤቱ ያንሳል።

ከ4 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል፤ ልጁ ፊደል ባይቆጥርም ችግር የለም። ሹካ የምትመስለውን የእንግሊዝኛ «ኢ» ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር መሳል ነው። ለ6 ሜትር ርቀት ቁመቷም ስፋቷም 17.5 ሚሊሜትር ይሁን፤ ሦስቱ ጥርሶችና በመካከላቸው ያሉት ሁለት ክፍተቶች እያንዳንዳቸው 3.5 ሚሊሜትር። ቤቱ ከጠበበ በ3 ሜትር፣ ሁሉንም ልክ በግማሽ ቀንሶ። ርቀቱ የሚለካው ከልጁ ዓይን እንጂ ከእግሩ ጣት አይደለም። ወረቀቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ «ሹካው ወዴት ዞረ?» ብሎ መጠየቅ፤ ልጁ በእጁ ያሳያል። ሌላው ተሸፍኖ በእያንዳንዱ ዓይን አምስት ጊዜ ታይቶ አራቱን ካገኘ አልፏል። በካርዱ ላይ 6/12 ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ደህና ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን እሱ ከ6 ሜትር ለየ ማለት ነው።

ሙከራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አሸፋፈኑ ላይ ነው። በእጁ ይሸፍን ከተባለ በጣቶቹ መሃል ያያል፤ መዳፉን ከተጫነው ደግሞ የተጫነው ዓይን ተራው ሲደርስ ለጥቂት ጊዜ ብዥ ይልበታል። የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ በፕላስተር መለጠፍ ይሻላል። አንገቱን ዘወር ካደረገ በአፍንጫው በኩል እያጮለቀ ነው። ወረቀቱን መስኮት ላይ አትለጥፉት፤ ብርሃኑ ከልጁ ጀርባ መጥቶ ወረቀቱ ላይ ይረፍ። ገና መልስ መስጠት የማይችል ሕፃን ከሆነ አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ ሁኔታውን ተመልከቱ። ግራው ሲሸፈን ዝም ብሎ፣ ቀኙ ሲሸፈን እያለቀሰ እጃችሁን የሚገፋ ከሆነ፣ የሚያይበትን ዓይን ነው የሸፈናችሁበት።

ይህን አለፈ ማለት ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። የልጅ ዓይን ሌንሱን ጨምቆ የማስተካከል ጉልበቱ ብርቱ ስለሆነ፣ የቅርብ ማየት ችግር ያለበት ልጅ የሩቁን ፊደል አጥርቶ ሊያነብ ይችላል። መነጽር ቤት በር ላይ የሚጻፈው «የኮምፒውተር ምርመራ» ልጆች ላይ የሚሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጁ ማሽኑ ውስጥ ሲያይ ዓይኑን ይጨምቃል፣ ማሽኑም የሌለ ማይነስ፣ ማለትም ሩቅ ለማይታየው ሰው የሚታዘዘውን የመነጽር ቁጥር፣ አትሞ ያወጣል። በዚያ ወረቀት ብቻ ለልጅ መነጽር ማሠራት በእኔ ግምት ገንዘቡንም ዓይኑንም ማባከን ነው።

ትክክለኛው ልኬት ጠብታ ይፈልጋል። የተለመደው ሲክሎፔንቶሌት 1 በመቶ ነው፤ የሚጨምቀውን ጡንቻ ለጊዜው ያስተኛዋል። ሲገባ ያቃጥላል። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠበቃል፤ እንደኛ ልጆች ጥቁር ዓይን ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ በ10 ደቂቃ «ግቡ» ከተባላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ባለሙያው በሬቲኖስኮፕ ብርሃን ብሌኑ ውስጥ እያንቀሳቀሰ፣ ሌንስ እየቀያየረ ይለካል። ልጁ ምንም መናገር አይጠበቅበትም። እስከ ማግስቱ ፀሐይ ይወጋዋል፣ ደብተሩ ይደበዝዝበታል። ባርኔጣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለፈተና ቀን ዋዜማም ቀጠሮ አትያዙ።

ቀጠሮ የማይጠብቁም አሉ። በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ አንዱ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው። «ዓይኑ ትልልቅ፣ እንዴት ያምራል» የሚባል ሕፃን እንባው የሚፈስና ብርሃን የሚሸሽ ከሆነ ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር፣ ሊሆን ይችላል። ከ4 ወር በኋላ የሚሸወርር ዓይንም «ሲያድግ ይተወዋል» አይባልም። አዲስ አበባ ያለ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ወደ ሰሜን ያለ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል ድረስ ሪፈር ይጻፍለታል። ሲመሽ ብቻ የሚደናበር ልጅ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዳፍንት ነው፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት። ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው እንክብል ለዚህ ነው። ካሮት ግን የመነጽር ቁጥር አይቀንስም።

መነጽር ከታዘዘ ሌንሱ በቀላሉ የማይሰበር ፕላስቲክ ይሁን፣ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ከተገኘ ደግሞ እሰየው። «ይደግበታል» ተብሎ ሰፋ ያለ ፍሬም ሲገዛለት መነጽሩ አፍንጫው ላይ ይንሸራተትና ልጁ በላዩ በኩል ያያል። መነጽር ዓይን ያደክማል የሚባለው ውሸት ነው፤ ሰነፍ ዓይን ላለበት ልጅ የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው። ሙሉ ቀን አድርጎት ከ16 ሳምንት ገደማ በኋላ ዓይኑ በዚያው የሚስተካከልለት አለ።

ካልበቃ ሽፋን ይጨመራል። የሚሸፈነው ደህናው ዓይን ነው፤ «የታመመው ይረፍ» ብለው ሰነፉን የሚሸፍኑ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። መካከለኛ ከሆነ በቀን 2 ሰዓት፣ ከባድ ከሆነ 6 ሰዓት ይታዘዛል። ሽፋኑ ቆዳው ላይ ይለጠፋል፣ መነጽሩ በላዩ ይደረጋል፤ መነጽሩ ላይ ከተለጠፈ ልጁ በጎን ያጮልቃል። ደህናው ዓይን በተራው እንዳይደክም ሐኪሙ በየሁለት ሦስት ወሩ ይለካዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ ናቸው፣ ምክንያቱም በእርግጥ አይታየውም። ሰዓቱን ቅርብ በሚያሠራ ነገር ሙሉት፤ ቀለም መቀባት ይሁን፣ ወይም ሰፌድ ላይ ምስር እያፈሰሱለት ጠጠሩን መልቀም።