ተቃጠለ ያልኩት ግራይንደር ካርቦን ጨርሶ ኖሯል

ባለፈው ሳምንት የመስኮት ፍርግርግ እየቆረጥኩ ሳለ ግራይንደሬ መንተባተብ ጀመረ። ይነሳል፣ ይጠፋል፤ ጎኑን በመዳፌ መታ ሳደርገው ደግሞ ይነሳል። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ የሚታየው ብልጭታም ከወትሮው በዝቷል። ያማከርኩት ጠጋኝ ሳይከፍተው «አርማቸሩ ነው፣ ይጠቅለል» አለኝ፤ አርማቸር ማለት ሽቦ የተጠቀለለበት የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል ነው። የጠየቀኝ ዋጋ ግን አዲስ ለመግዛት ጥቂት ቢቀረው ነው።

እምቢ ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሶኬቱን ነቅዬ በግራና በቀኝ ያሉትን ክብ ክዳኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። በየክዳኑ ሥር ኤሌክትሪክን ወደ ተሽከርካሪው ክፍል የሚያደርስ፣ እየተፋቀ የሚያልቅ የካርቦን ቁራጭ አለ። አንዱ ካርቦን 4 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ ሌላው 7። ካርቦን ከ5 ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ሞላው በደንብ አይገፋውም፤ በዘንጉ ላይ ካለው የመዳብ ቀለበት እየራቀ ብልጭታ ይረጫል። ስመታው የሚነሳውም ለዚህ ነበር፤ ምቱ ለአፍታ መልሶ ያገናኘዋል።

አሮጌውን ለናሙና ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ «ራሱ ነው» አለኝ፤ እኔም አልለካሁም። ቤት ስደርስ አዲሱ ከአሮጌው በፀጉር ያህል ወፍሮ ተገኘ። ያኔ ነው የተሳሳትኩት፦ በካቻቢቴ ጫፍ ገፍቼ አስገባሁት። ሳስነሳው ብልጭታው ከበፊቱ ባሰ። ለካ ካርቦኑ በነሐስ ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ሞላው ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም።

እንደገና ነቀልኩት። ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግቼ ጎን ጎኑን ብቻ በሁለት ጣት ቀስ እያልኩ አሸሁት። በየአስር ምልልሱ እየሞከርኩ፣ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ሲገባ አቆምኩ። ጣቶቼ እስከ ማታ ጥቁር ነበሩ። ውስጡ የተጠራቀመውን የካርቦን ብናኝም በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩ፤ ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መተው አያዋጣም።

ሁለቱንም በአንድ ላይ ቀይሬ፣ ዲስክ ሳልገጥም 10 ደቂቃ ያህል በባዶው አስሮጥኩት። ጠፍጣፋው የካርቦን ፊት የመዳቡን ክብነት እስኪይዝ መጀመሪያ ላይ ብልጭታ ይበዛል፤ ቀስ በቀስ ግን ቀጭን ሰማያዊ ጭረት ብቻ ቀረ። ፍርግርጉን በማግስቱ ጨረስኩ።

ቀጥሎ ተራው ለሁለት ዓመት ዝም ያለው ትራፓኖዬ (መሰርሰሪያዬ) ነው። የእሱ ካርቦን የውጭ ክዳን ስለሌለው አካሉን ለሁለት መክፈል ግድ ይላል። ብሎኖቹን ከወዲሁ ቆጥሬያለሁ፣ 9 ናቸው።