የቆየ መልእክት ላይ መልስ ይሰጥ ወይስ ይዘጋ? የእድራችን ልምድ

የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ የቴሌግራም ግሩፑም በእኔ እጅ ነው። ጥሩምባው ዛሬም ይነፋል፤ የቀብር ሰዓትና የመዋጮ ነገር ግን አብዛኛው አባል የሚያየው ስልኩ ላይ ነው። ጥሩምባ ተነፍቶ ያበቃል። የቴሌግራም መርዶ ግን ዓመት ካለፈ በኋላም እዚያው ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይመልስበታል።

አንድ ጊዜ ውጭ አገር የከረመች አባላችን ግሩፑን ወደ ኋላ እያየች ስትሄድ የአንድ ጎረቤታችንን የሞት ማስታወቂያ አገኘችና ከሥሩ «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ጻፈች። ቴሌግራም መልስ ሲላክ የቀድሞውን መልእክት መጀመሪያ ቆንጥሮ ያሳያል እንጂ ቀኑን አያሳይም። ወዲያው አንዱ «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ሌላው «የት ቤተ ክርስቲያን?» ይል ጀመር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሟቹ ቤት የደረሱ እናቶችም ነበሩ። የሟቹ ባለቤት ሙት ዓመት ካወጡ ቆይተዋል፤ በር ላይ ለቅሶኛ ሲያዩ የሆኑትን አስቡት።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ የቀረበው ሐሳብ ከሦስት ወር በላይ የሆነው ሁሉ ይጥፋ የሚል ነበር። ተቃወምኩ። ግሩፑ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅሙት የቆዩት ናቸዋ! «የባለቤቴ እናት ክፍለ ሀገር ቢሞቱ እድሩ ይከፍላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። መልሱ ድሮ ተጽፏል፤ መዋጮ ሲጨምር የተሻሻለው ክፍያም ከሥሩ ተቀጥሏል። እሱን አጥፍተን ቢሆን ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሳል፣ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጥበታል፣ ጣጣው እኔ ጋ ይመጣል።

ስለዚህ በዕድሜ ሳይሆን በዓይነት ለየሁት። ቴሌግራም በ2015 ዓ.ም. ያመጣው ቶፒክ የሚባል ነገር አለ፤ አንዱን ግሩፕ በውስጡ ክፍል ክፍል ያደርገዋል፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥም ከአስተዳዳሪ በቀር ማንም አይጽፍም። የመርዶውን ክፍል ዘጋሁት፤ ማጽናኛ የሚጻፍበት ሌላ ክፍል ከፈትኩ። የጥያቄና መልሱ ሁልጊዜም ክፍት ነው። ከሁሉ የሠራልኝ ግን ትንሿ ዘዴ ናት፦ እያንዳንዱን ማስታወቂያ በቀንና በዓመተ ምሕረት እጀምራለሁ፤ የሟቹ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቆንጥሮ ሲያሳይ ቀኑ አብሮ ይታያል።

አስቸጋሪው የስብሰባ ውሳኔ ነበር። ድሮ የተቀጣ ሰው ሆዱ ሲብሰው ውሳኔውን ቆፍሮ ያወጣና ከሥሩ ይጽፋል፤ ያ ሁሉ ክርክር እንደገና ይጀመራል። ከአባሎቻችን አንዱ ጠበቃ ናቸው፤ የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጠቀሱልን። በአንቀጽ 5 በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ተመልሶ አይከሰስበትም፤ አንቀጽ 6 ግን ከፍርዱ በኋላ ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ሐሰተኛ ምስክርነትን የመሰለ፣ ባለጉዳዩ ተግቶም ቢሆን ሊያውቀው ያልቻለው ትልቅ ነገር ሲገኝ እንደገና እንዲታይ በር ይከፍታል። እኛ ፍርድ ቤት ስላልሆንን ደንቡን አላላነው፦ አዲስ ማስረጃ ያለው መጀመሪያ ለእኔ ያሳይ፣ ውሳኔውን ለውይይት እከፍትለታለሁ። አንድ አባል የጠፋ ደረሰኙን አግኝቶ አመጣ፤ መቀጮው ተሰረዘለት፣ ገንዘቡም ተመለሰ። ቁጣ ብቻ ይዘው የመጡት እንደተቆጡ ሄዱ፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ሰላምታችን አሁንም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጸሐፊነት ይኼንንም ያስከትላል።

ዘዴዬ የማይሠራው ለድምፅ መልእክት ነው፤ ቆንጥሮ የሚያሳየው ጽሑፍ የለውማ። ትልልቆቹ ደግሞ መጻፍ ስለማይወዱ መርዶ የሚነግሩኝ በድምፅ ነው። እሰማና ቀኑን አስቀድሜ በጽሑፍ አወጣዋለሁ፤ ድምፁን ግሩፑ ላይ አልለጥፍም።