ጅረን ላይ ሩጫ፣ በለጠ ላይ ጉንዳን

ጅማ ውስጥ ሴት ልጅ ዳገት ላይ ስትሮጥ ከታየች ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ የሆነ ሰው እያባረራት ነው። እንደመጣሁ ሰሞን ወደ ጅረን በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ አጠገቤ መጥቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። "እህቴ፣ ሰላም ነው? ግቢና ላድርስሽ" አለኝ ሾፌሩ። ስፖርት እየሠራሁ ነው አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና "ታዲያ ሜዳው ምን ሆነ?" ብሎ ሄደ።

የመጣሁት ለሥራ ነው፣ ለጥቂት ሳምንታት። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ወልቂጤ ቁርስ፣ ጊቤ በረሃ ላይ ሙቀት፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ። ግን የሥራ ልብሴ ሥር የሩጫ ጫማና ድንኳን ጠቅጥቄ ነበር። ዱሮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤት አልገኝም ነበር። ወይ እንጦጦ ነኝ፣ ወይ መናገሻ፣ ሲመቸኝ ደግሞ ወንጪ። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ፣ ትራፊኩም ተጨመረበት። በመጨረሻ ጂም ተመዘገብኩ። ትሬድሚል ላይ ሆኜ ግድግዳ እያየሁ፣ የማልወደውን ሙዚቃ እየሰማሁ፣ በየወሩ ገንዘብ እከፍል ነበር። ድንኳኑ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ጠጣ።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች ማለት ነው። ትንፋሼ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ እውነትም ቀለለኝ። ግን በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ተለጥፏል። ለአዲስ አበባ ልጅ፣ በጠዋት ብርድ ማማረር ለለመደች፣ ይሄ ደስ አይልም።

የጅረን ዳገት ግን ደስ ይላል። ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 (በፈረንጆቹ) ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል፤ እውነት ከሆነ ይሄን ዳገት በእኔ እርምጃ ግማሽ ይጨርሱት ነበር። የእንጨት ሥራው በጣም ያምራል፣ ሄዳችሁ እዩት። እኔ ግን በብዛት የምደርሰው ከመከፈቱ በፊት ስለሆነ አጥሩን ነክቼ ነው የምመለሰው።

የተራራ ሩጫ ሲባል ሰው ከታች እስከ ላይ መሮጥ ይመስለዋል። አይደለም። ዳገቱ ሲጠና እጅን ጭን ላይ አድርጎ መራመድ ነው፤ እግርን ለሜዳውና ለቁልቁለቱ ማስቀመጥ ነው። ጉድ የሚያደርገው ደግሞ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ጣር ይሆናል። ያረፍኩበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የደረጃውን ብረት ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ ስወርድ የጥበቃው አባት አይተው "አይዞሽ ልጄ፣ ሪህ ነው?" አሉኝ።

ሰዓቴን አውልቄ የሄድኩበት ቀን ይሻለኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሩጫ የስልክ ሥራ ሆኗል፤ ፍጥነት መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ መለጠፍ። እዚህ ቀዩ አፈር እንደዚያ አያስሮጥም። ደረቅ ሲሆን ዱቄት ነው። ትንሽ ዝናብ ካገኘ ሳሙና ይሆናል፣ ከዚያ ጫማ ሥር እየተጠራቀመ እግርን ያከብዳል። በየመቶ ሜትሩ ቆሜ በእንጨት እፍቃለሁ። እኔ ስፍቅ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ የሰፈር ልጆች በአጠገቤ እየተንደረደሩ ያልፋሉ።

እዚሁ ተወልዶ ያደገ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው "ጅረን ብቻ ምን ያደርግልሻል፣ በለጠ እንሂድ" ያለኝ። በለጠ ከጅማ በደቡብ ምዕራብ፣ በሰቃ አልፎ ወደ ሸቤ ሲሄዱ የሚገኝ ጫካ ነው፤ ከጌራ ጫካ ጋር አንድ ላይ ይጠራል። ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ደረስን። ረዳቱ ቦርሳዬን አየና የሰው ዋጋ ጠየቀበት። "እንደ ሰው ከፈለ እንግዲህ እንደ ሰው ይቀመጥ" ብዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። መኪናው ሳቀ። ረዳቱ አልሳቀም፣ ዋጋውን ግን በግማሽ ቀነሰ። እሱም ቢሆን ብዙ ነው፤ 100 ብር።

ጫካው ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም። ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ይጠብቁታል፤ የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት የሆነው ጃይካ ለዓመታት የደገፈው ሥራ ነው። ቡናው እዚያው ዛፍ ሥር የበቀለ የጫካ ቡና ነው፣ ግን ባለቤት አለው። ጓደኛዬ አስቀድሞ አነጋግሮ ስለነበር ከማኅበሩ አንድ ጎልማሳ ይዞን ገባ። ጊዜው የካቲት ነው፣ ዝናብ ጠብ ካለ ቀናት አልፈዋል፤ ቡናው አብቧል። አበባው ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ቅርንጫፉ ላይ ነጭ ሆኖ ተደርድሯል፣ ሽታው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ ንቡ ደግሞ ጆሮ ያደነቁራል። ከላይ ቀረሮና ዋንዛ፣ ቅርንጫፋቸው ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። ቦርሳው ትከሻዬን ሲቆርጠኝ ቀበቶውን ወገቤ ላይ አጠበቅኩት። ያኔ ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ ወረደ፣ ሰውነቴም የቆየ ነገር ያስታወሰ መሰለኝ። ሰዓታት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም።

ሌሊቱን ግን አውቀዋለሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ነከሰኝ። ከዚያ እጄን፣ ከዚያ የራስ ቅሌን። ባትሪ ሳበራ የድንኳኑ ጥግ ጥቁር ሆኗል፣ ጥቁሩም ይንቀሳቀሳል። ገብረ ጉንዳን። ስነቅለው አካሉ ይመጣል፣ ጭንቅላቱ ቆዳዬ ላይ ነክሶ ይቀራል። ጮህኩ፣ አላፍርበትም። ጓደኛዬ በባዶ እግሩ ሲዘል፣ አስጎብኚያችን ከተኛበት ተነስቶ ተረጋግቶ መጣ። "መንገዳቸው ነው፤ እናንተ ናችሁ የምትነሱት" አለ። በጨለማ ሁሉን ነገር ተሸክመን ወደ ቤቱ ሄድን።

ባለቤቱ ስትነሳ አልተገረመችም። እሳቱን ቆስቁሳ ደጃፉ ላይ አመድ ነሰነሰች። ጉንዳን ቤት ከገባ እነሱ ወጥተው እንደሚጠብቁ ባሏ እየተረጎመ ነገረችን። ቁንጫውንም ትኋኑንም ጠራርጎ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳሉ። እኔ አዲስ አበባ ፀረ ተባይ ለሚረጭ ሰው የከፈልኩትን ገንዘብ አሰብኩ። ከፀጉሬ ውስጥ የቀሩትን በጣቷ እየለቀመች እሳት ውስጥ ጣለቻቸው፤ እያንዳንዱ ጠሽ ይላል። ሊነጋጋ ሲል የተቀቀለ ጎደሬና ቡና አቀረበች። ቡናው በጨው ነው። ቤቴ ማንም ጨው ቢጨምርብኝ እጣላው ነበር፤ እዚያ ሦስት ስኒ ጠጣሁ። ገንዘብ ብሰጣት እምቢ አለች፤ ትርፍ ባትሪዬን ግን ወሰደች።

ጠዋት ከጫካው እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቁልቁለት ነው። ቦርሳዬን ጓደኛዬ "እኔ ልያዘው" አለና ሁለቱንም ተሸከመ። እኔ ሮጥኩ። ሥር እየዘለልኩ፣ እርምጃዬን እያሳጠርኩ፣ ዓይኔን ሦስት ሜትር ፊት ላይ አድርጌ። መንገድ ዳር ደርሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስጠብቀው ቆየሁ። ላቡን እየጠረገ ደረሰ፤ ሁለቱንም ቦርሳ እግሬ ሥር ጣለና "በሚቀጥለው አጋሮ በኩል ነው፣ ያኔ የምሮጠው እኔ ነኝ" አለ። ተስማምተናል። ድንኳኑ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል፣ እስካሁን ጉንዳን ይወጣበታል።