ዘጠኝ አንዶች

12345678987654321። ከግራም ከቀኝም ቢነበብ ያው ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። የድሬ ሙቀት ቤት ስለማያስቀምጥ ግቢ ፍራሽ አንጥፈን እያመሸን ነበር። 111111111ን በራሱ አባዛችው። ስልኳ አሃዙ በዛበትና ፊደል ሰክቶ አሳጥሮ አወጣላት። «አቦ አጎቴ፣ ሙሉው ስንት ነው?» አለችኝ። ባለ ካሬውን ደብተር አምጪ አልኳት።

ነገሩ የሚገባው በእጅ ሲሠራ ነው። ዘጠኝ አንዶች በአንድ መስመር ይጻፋሉ። ከሥራቸው እንደገና፣ አንድ ቤት ወደ ግራ ገፋ ተደርገው። እንዲህ ዘጠኝ መስመር ይሞላል። ከዚያ ወደ ታች መደመር ነው። ቀኝ ዳር ያለው አምድ አንዲት 1 ብቻ አለችው፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። መሃል ላይ ዘጠኝ ይደርስና መልሶ ይቀንሳል። ከዘጠኝ የሚያልፍ አምድ ስለሌለ በእጅ የሚያዝ ነገር የለም። ልጅቷ ጣቷን በየአምዱ ቁልቁል እየነዳች ትቆጥር ነበር።

«አሥር አንዶች ቢሆኑስ?» አለች። ጥያቄዋ በጣም ደስ አለኝ። ሠራነው፤ 1234567900987654321 ሆነ። መሃሉ አሥር ሞላና 0 ተጽፎ አንድ በእጅ ተያዘ። ያቺ አንድ ጎረቤቷን 9 ወደ 10 ገፋቻት፣ እሷም በተራዋ 8ን 9 አደረገቻት። በግራ በኩል 8 የጠፋችው በዚህ ነው። ሚዛኑም እዚያው ፈረሰ።

እሷ ስትተኛ እኔ ቀጠልኩ። ውስጡን ማየት ፈለግኩ። 111111111 ማለት 3 × 3 × 37 × 333667 ነው። 3፣ 37 እና 333667 ከዚያ በላይ አይበተኑም፤ ፕራይም ናቸው። በትልቁ ቁጥር ውስጥ እንግዲህ 3 አራት ጊዜ፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ አሉ ማለት ነው። አካፋዮቹ 45 ናቸው። ጎዶሎ የሆኑት በምክንያት ነው። አካፋይ ሁሉ ጥንድ አለው፣ 111111111 ግን ጥንዱ ራሱ ነው። 37ን በ333667 ሳባዛ ደግሞ 12345679 መጣ። 8 እዚህም የለችም! በውጭ ያ ሁሉ ሥርዓት፣ በውስጥ እንደ 333667 ያለ ማንም የማይገምተው ቁጥር። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ለነገ ያቆየሁላት አለ። ከሁለቱም በኩል አንድ ሆኖ የሚነበብ ቁጥር የአሃዞቹ ብዛት ተጋማሽ ከሆነ ሁልጊዜ ለ11 ይካፈላል። የኛው 17 አሃዝ ስላለው ያመልጣል፣ ለ11 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። በ4774 ትጀምር። 4 ጊዜ 1001 እና 7 ጊዜ 110 ነው፤ 1001ም 110ም ለ11 ይካፈላሉ። ባለ ስድስት አሃዙን ራሷ ትድረስበት።