የ15 ወሩን ክትባት አደራ

ዛሬ ልጄን ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ወስጄው ነበር፣ ወረፋ ስንጠብቅ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው። አራስ የታቀፉ እናቶች ግቢውን ሞልተውታል፣ የ6 ሳምንት የ10 ሳምንት የ14 ሳምንት ህፃናት በሽ ናቸው፣ የኔን ልጅ የሚያክል ግን እምብዛም የለም። እንደውም አጠገቤ የነበረች እናት "እንዴ እህቴ፣ 9 ወሩ ላይ ተከትቦ የለ? ደግሞ ለምን?" አለችኝ። አይፈረድባትም፣ የ15 ወሩ ዶዝ መደበኛ ፕሮግራም ውስጥ የገባው በ2011 ዓ.ም ነው፣ ከዛ በፊት ልጅ ያሳደገ ሰው አያውቀውም።

ሲስተሯ ሰምታን ቁጭ ብላ አስረዳቻት፣ እግዜር ይስጣት። የ9 ወሩን ከወሰዱ 10 ልጆች አንዱ ወይ ሁለቱ ተከትበውም ሰውነታቸው መከላከያውን ሳያዳብር ሊቀር ይችላል፣ ሁለተኛው እነሱን ለመያዝ ነው፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ ደግሞ በአይን አይታወቅም። ኩፍኝ እኮ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፣ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳን ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ሰው "ሽፍታ ነው ይለቀዋል" ይላል እንጂ የሳንባ ምች አስከትሎ ይገድላል፣ አይንም ያጠፋል፣ በተለይ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ካገኘ።

ቀኑ ያለፈባችሁ እናቶች አባቶች እባካችሁ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከመጀመሪያ አያስጀምሯችሁም፣ ካቆማችሁበት ነው የሚቀጥሉት። ካርዱ ቢጠፋባችሁም ሂዱ፣ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ አለው። በመንግስት ጤና ጣቢያ ደግሞ በነፃ ነው።