የጃስሚን ሽቶ ይዞ ሰሜን ሸዋን፦ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ አንኮበር

ደብረ ብርሃን የያዝኩት ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ኤር ፍሬሽነር ነው። ጣሳው ላይ ነጭ አበባ ተስሎ «ጃስሚን» ይላል። ለእንግዳ ታስቦ የተረጨ ነው፤ የጃስሚን ሽቶ ሊፈትሽ ለመጣ ሰው ግን ሌሊቱን የሚያበላሽ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ርጭት ውስጥ የአበባውን ቦታ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ቤንዚል አሲቴት የተባለ ኬሚካል ነው። በእውነተኛው አበባ ውስጥም አለ፤ ለብቻው ሲሆን ግን የሙዝ ከረሜላ ይሸታል። አፍንጫ ደግሞ አንድን ሽታ ደጋግሞ ከሳበ በኋላ መለየት ያቆማል፣ ስለዚህ በማግስቱ በጥሩው ሽቶ ውስጥ ያለውንም አያገኘውም። መስኮቱን በርግጄ በሁለት ብርድ ልብስ አደርኩ። አዲስ አበባ ላይ በረደን እያልን የምናማርር ሰዎች የጥቅምትን መጨረሻ እዚህ ብናድር ዝም እንል ነበር። ለክፍሉ 900 ብር ከፍዬ ሙቅ ውሃ አለመኖሩ አናዶኛል።

የያዝኩት ጆይ ነው፣ የዣን ፓቱ ቤት ሽቶ። ቀማሚው ሄንሪ አልሜራስ ሲሆን የወጣው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ቤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ለሌላ ኩባንያ ከተሸጠ ወዲህ ይህ ሽቶ አይመረትም፤ አሁን የሚገኘው የቀድሞው ክምችት ብቻ ነው። በማስታወቂያው ለ30 ሚሊ ሊትር ኤክስትሬ፣ ማለትም እጅግ ለጠነከረው የሽቶው ዓይነት፣ 10,600 የጃስሚን አበባና 28 ደርዘን ጽጌረዳ እንደሚገባ ይነገር ነበር። ቁጥሩን ወደ ሚዛን ብናመጣው፦ አንድ ኪሎ ጃስሚን ከ8,000 እስከ 10,000 አበባ ነው፤ አንድ ኪሎ አብሶሉት፣ ማለትም በአልኮል የጠራው የመጨረሻ ጭማቂ፣ ከ600 እስከ 700 ኪሎ አበባ ይበላል። ያ ሁሉ ጃስሚን ጠርሙሷ ውስጥ ሁለት ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚሆነው። የዋጋው ምክንያትም ይኸው ነው።

ጠዋት ከቁርስ በፊት ጀመርኩ፤ ቡና ከተቆላና ዕጣን ከጨሰ በኋላ መፈተሽ አይቻልም። ቡና ማሽተት አፍንጫን ያድሳል የሚባለውን አልቀበልም፤ ንጹህ አየር ይበቃል፣ ካልሆነም የራስን ክርን መሳብ። ከጣት የቀጠነች ወረቀት ጫፍን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቶው ውስጥ ነክሮ ሰዓቱን ጀርባው ላይ መጻፍ፣ ከዚያ በአምስት ደቂቃ፣ በአንድ ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በማግስቱ ማሽተት ነው። ቆዳ ላይ ሲሆን አንድ ጠብታ አሳርፎ መተው። ማሸት ቆዳውን ያሞቅና መጀመሪያ የሚወጡትን ቀላል ሽታዎች ቶሎ ያባርራል። በዚያ ብርድ ጆይ እጅ ላይ ዝም ብሎ ቆየ። ከጋቢ ስር አንገት ላይ ያደረግኩት ግን ከሰውነቴ ሙቀት ጋር ቀስ እያለ ተነሣ፤ መጀመሪያ ጽጌረዳው፣ ቆይቶ ጃስሚኑ፣ ከስር ደግሞ እንስሳ እንስሳ የሚል ሙቀት። የመጨረሻው የዝባድ ጠረን ነው። ከጥርኝ የሚወሰደው ዝባድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሸዋ ወደ ጠረፍ ከሚወርዱት ሸቀጦች አንዱ ነበር፤ ብዙዎቹ የድሮ የአበባ ሽቶዎች ቆዳ ላይ እንዲቆዩ ይረዳ ነበር።

ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ሳንቆም አቋርጠን ሸዋ ሮቢት ወረድን።

እዚያ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ያው አንድ ጠብታ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጠረጴዛውን ሞላው። በደጋ ተደብቆ የነበረው ኢንዶል ፊት ወጣ። ኢንዶል ጃስሚንን ሥጋ የሚያለብስ ነገር ነው፤ ሲበዛ ግን የበሰበሰ አበባ ይመስላል። ብዙ ሰው የጃስሚን ሽቶ ራስ ያሳምማል የሚለው በሙቀት ቦታ አብዝቶ ስለሚቀባ ይመስለኛል። ቆላ ላይ አንድ ጠብታ ከጉልበት ጀርባ ይበቃል፤ ደጋ ላይ ሦስትም አይበዛም።

ጠርሙሱን መኪናው መስታወት ስር መተው አይገባም። ሙቀትና ብርሃን ኢንዶሉን ያጠቁሩታል፣ ወርቃማው ፈሳሽም ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር በሩብ ያህል ይሰፋል፣ ፈሳሹንም በመስታወት ክዳኑ ዙሪያ ይገፋዋል። የጎደለ ጠርሙስ ከሞላው ይብሳል፣ ብዙ አየር ስላለው። አንገቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በክር ማሰርና ቆሞ እንዲጓዝ ማድረግ ነው።

ወደ አንኮበር የሄድኩት ለጠምበለል፣ ለአገራችን ጃስሚን ነው። ከጎረቤላ እስከ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ግርጌ ባጃጁ 300 ብር አስከፈለኝ፤ አንዲት ተማሪ ለዚያው መንገድ 40 ብር ስትሰጥ አይቻለሁ። እንግዳን እንዲህ ማድረግ ያሳዝናል። የቀረውን በእግሬ ስሄድ አንድ አጥር ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት፦ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡ ወፍራም አብረቅራቂ ቅጠሎች፣ በጀርባቸው ሐምራዊ የነካቸው እምቡጦች፣ ሲፈኩ ነጭ። ስድስት ሰዓት ስለነበር ሽታው ደካማ ነው።

«እማማ፣ ጠምበለሉን ላሽትት?»

«አሽት የኔ ልጅ፣ ግን አሁን ምን አለው? ፀሐይ ሳይመታው ጠዋት ና።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ስደርስ ውሻቸውን አስረው ጠበቁኝ። በፈረንሳይዋ የሽቶ ከተማ በግራስ ያሉ የጃስሚን ለቃሚዎችም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ገና ሲነጋጋ ማሳ የሚወርዱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አበባው ሌሊት ይፈካል፣ ፀሐይ ሲበረታ ሽታው ይሳሳል። የአንኮበሩ ጠምበለል ከጆይ ጃስሚን ይልቅ ቀዝቃዛና አረንጓዴ ነው፣ ኢንዶሉም ያንሳል። እኔ ከሽቶው አበልጬዋለሁ።

የግራሱ ዝርያ ቅጠሉ እንደ ላባ አምስትና ከዚያ በላይ የሚከፈል የጠምበለል ዘመድ ነው፤ ውርጭ ስለማይችል ብርድ በሚችል የጃስሚን ግንድ ላይ ይዳቀላል፣ የፈረንሳይ የብርድ ወራት ሲገባም ግንዱ ዙሪያ አፈር ይከመርለታል። ደብረ ብርሃን ላይ እንዲሁ ቢተከል የሚያድር አይመስለኝም።

ጃስሚን ከተቀጠፈ በኋላም ሽታ ማፍለቁን አያቆምም። ስለዚህ ድሮ አይቀቅሉትም ነበር፤ እናቶቻችን ቅቤን በአደስ እንደሚያሸቱት፣ የግራስ ሰዎችም መስታወት ላይ በተቀባ የአሳማና የከብት ስብ አበባውን ደርድረው በየ24 ሰዓቱ እየቀየሩ ስቡ እስኪጠግብ ይቀጥሉ ነበር። ኋላ በአልኮል ይታጠባል። ዛሬ ሄክሳን በተባለ ማሟሚያ ፈሳሽ ይወጣል፦ መጀመሪያ «ኮንክሪት» የሚባለው ሰም መሰል ጭማቂ፣ እሱ በአልኮል ታጥቦና ቀዝቅዞ ሰሙ ሲጣራ አብሶሉት።

ሽቶው ነጠላ ላይ አይውደቅ። አብሶሉቱ ቀለም ስላለው ቢጫ ነጥብ ይተዋል፣ በሳሙናም አይለቅም።