አንድም ጊዜ ያልተቀመጡት እናት

ከአንድ የገጠር ሆቴል እየተነሳሁ እንግዶችን በእግር ማዞር በጀመርኩ ሰሞን የሆነ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

እንግዳ መቀበያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «12 ኪሎ ሜትር፣ 3 ሰዓት፣ ቀላል» ይላል። የጻፈው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ መንገዱን በእግሩ ረግጦት አያውቅም። እኔ ግን 600 ሜትር ዳገት እንዳለው አውቃለሁ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት፣ በኪሎ ሜትር ሲመነዘር፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ያስይዛል። ደምሩት፤ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይመጣል። ያውም ማንም ሳያርፍ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ፎቶ ሳያነሳ። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። አዲስ ነበርኩ፤ የእራት ሰዓት እንዳያልፍም አደራ ተብያለሁ።

ከፊት የሚሄዱት ጉልበታቸው ያልደከመ ወጣቶች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር። መጨረሻ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ይከተሉናል። በየዳገቱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃቸዋለን፤ ብቅ ሲሉ ወጣቶቹ ቦርሳቸውን አንግተው ይነሳሉ፤ እኔም እመራለሁ። አራተኛው እረፍት ላይ ጠጋ ብዬ፣

«እማማ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

ዱላቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ አረፍን?» አሉኝ።

«አራት ጊዜ።»

«እናንተ ናችሁ አራት ጊዜ ያረፋችሁት። እኔ አንድም ጊዜ አልተቀመጥኩም።»

ቁጣ የለበትም፤ የጠየቅኳቸውን መመለሳቸው ብቻ ነው። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

አስቀምጬ ጫማቸውን አወለቅሁ። ካልሲው ተረከዛቸው ላይ ተጣብቋል። ውሃ አርከፍክፌ ቀስ ብዬ ስልጠው፣ ውሃ ቋጥሮ የነበረው ፈርጦ ሳንቲም የሚያህል ቀይ ሥጋ ታየ። ገና ማቃጠል ሲጀምር ቢሆን አንድ ፕላስተር ይበቃው ነበር። ግን መቼ ይንገሩኝ? ሲደርሱ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እየሄድኩ ነው።

ሆቴሉ የደረስነው ከተነሳን ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ፣ «እንግዶቹን አስራብክ» አለኝ።

«ወረቀቱ ይስተካከል» አልኩት።

«ቀላል ነው ካላልን ማን ይመጣል?»

«ቀላል ነው» የሚለውን አምኖ የሚመጣው እኮ አቅሙን የሚያውቅ ሰው ነው! ብርቱውማ ወረቀት አያነብም። ይህን ያኔ አልመለስኩለትም፤ መመለስ ነበረብኝ።

አሁን እርምጃው ቀስ ያለውን ሰው ከጀርባዬ አስከትላለሁ፤ የእረፍቱን ደቂቃ የምቆጥረውም የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ፈጣኖቹ ያጉረመርማሉ። እውነታቸውን ነው፤ እነሱም የመጡት ሊራመዱ ነው። ሁለተኛ መሪ ቢቀጠር ለሁለት እንከፍላቸው ነበር፤ እስካሁን አልተቀጠረም።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ መንገድ ይዘን ስንወጣ እኒያ እናት በረንዳው ላይ ነበሩ። ባዶ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ተራራውን ያያሉ። የሦስት ቀን ጉዞ ከፍለው ነበር የመጡት።